ሲኖትራክ የማይደርስበት መንገድ

እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከለገሀር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ አንዲት ጀበና ቡና ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። አንዱ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ የካዛንቺስ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ገላን ጉራ ገብተዋል፣ ሰንበትን ግን ዑራኤልን ሳይሳለሙና ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሳይጫወቱ አያሳልፉም። ሁለተኛዋ የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ፈረንሳይ ተምራ መጥታለች፣ ኮርሳ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። ባልደረቦቹ ዘግይተዋልና ጨዋታው ለሁለቱ ቀርቷል።

ባቡረኛው፦ ይሄ ጎማ ነው ክር? በዚህ ነው የፈረንሳይን ገጠር ያካለልሽው?

ብስክሌተኛዋ፦ ማካለል እንኳ አይባልም ጋሼ። ቱር ከተማ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ የሎዋርን ወንዝ ይዤ እወጣ ነበር። እዚያ የነበረችኝ ጎማዋ ሰፊ ነው። ይቺ ከአስፋልት ከወረደች አለቀላት።

ባቡረኛው፦ ሎዋር! እኛ መሥሪያ ቤት የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እኔ አገሩን ሳላየው ቋንቋውን ይዤ ጡረታ ወጣሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ገጠሩ ምን ይመስላል?

ብስክሌተኛዋ፦ መጀመሪያ የሚያስገርመው የመንገዱ ብዛት ነው። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የሚያደርሰው አንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ሦስትም አራትም አለ። አንዱ ትልቁ ነው፤ መኪናው ሁሉ እሱ ላይ ነው። የቀሩት ቀጫጭን ናቸው፤ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ሣሩ ጠጋ ብሎ ሌላውን ያሳልፋል። ግን ቀጫጭኖቹም አስፋልት ናቸው። ክፍላተ ሀገሮቻቸው የሚጠግኑት ብቻ ወደ 380 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት የራሱ መንገድ አለው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ደግሞ ወደ 35 ሺህ ነው።

ባቡረኛው፦ 35 ሺህ ማዘጋጃ ቤት?

ብስክሌተኛዋ፦ አዎ። መቶ ሰው የማይሞላው መንደር ከንቲባ አለው። ከንቲባ ካለ ደግሞ «መንደሬ ያለ አስፋልት ትቅር» አይልም። ስለዚህ ብስክሌተኛ የሚሽላንን ካርታ ይዘረጋል። ትልልቁ መንገድ ቀይ ነው፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ትንንሹ ነጭ። ነጩን እየመረጡ መሄድ ነው። ጠርዙ አረንጓዴ ከሆነ አገሩ ያምራል ማለት ነው። ነጩን ይዤ ስወጣ ግማሽ ቀን ሙሉ የሚያልፈኝ መኪና በጣት የሚቆጠር ነበር። ሲያልፈኝም፣ ከከተማ ውጭ ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ እንዲያልፍ ሕግ ያስገድደዋል።

ባቡረኛው፦ ይከበራል?

ብስክሌተኛዋ፦ ሁልጊዜ አይደለም። አብዛኛው ሹፌር ግን ያከብረዋል፤ ወይ እሱ ወይ አባቱ ብስክሌት ነድቷላ።

ባቡረኛው፦ ሰዉስ? መንገድ ላይ የምታገኚው ሰው እንዴት ነው?

ብስክሌተኛዋ፦ ሰው የለም ጋሼ።

ባቡረኛው፦ እንዴት አይኖርም? ገጠር አይደለም እንዴ!

ብስክሌተኛዋ፦ መንደሩ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ደወሉም ሰዓቱን ጠብቆ ይደውላል። ዳቦ ቤቱ ግን ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። አደባባዩ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያለቁት ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ አንዳንዱ መንደር ውስጥ ስሙን ሁሉ አንብቤ እስክጨርስ አንድ ሰው እንኳ በአጠገቤ አያልፍም ነበር። መንገዱን የሠሩት ጋሪና ከብት ይዘው ለሚመላለሱ ገበሬዎች ነበር። ገበሬው ልጆቹን ይዞ ከተማ ገባ፤ ድሮ ብዙ ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን ዛሬ አንድ ሰው በትራክተር ያርሳል። መንገዱ ለኛ ተረፈ።

ባቡረኛው፦ እንግዲያው የለቅሶ ቤት ጸጥታ ነው በይኛ።

ብስክሌተኛዋ፦ እንደሱ ያህል አልከፋም። ግን ጸጥታው እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ የሄደ ሰው ትቶት የሄደው ነው።

ባቡረኛው፦ እኛ ዘንድ መንገድ ባዶ ሲሆን ሰው ይደነግጣል። «ዛሬ ምን ተፈጠረ?» ይባላል። ባዶ መንገድ ለኛ ደስ የሚል ነገር ሆኖ አያውቅም። አንቺ ግን ባዶውን ለምደሽ መጣሽና አዲስ አበባ ላይ ፍለጋ ገባሽ፤ አይደለም?

ብስክሌተኛዋ፦ ገባሁ። የከተማዋን በሮች ሞከርኳቸው። በጎጃም በር በአዲሱ ገበያ ወጥቼ የእንጦጦን ጫፍ ተሻግሬ ሱሉልታ። ጠዋት ሜዳው ላይ ሯጮቹ በየቡድናቸው ጉም ውስጥ ሲያልፉ ማየት ብቻውን ከአልጋ ያስነሣል። በአምቦ በር ሆለታ፤ ባሕር ዛፉ፣ ወተት ይዘው የሚወጡት ጋሪዎች። በደሴ በር ሰንዳፋ፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ግን ከፊት ከመጣ ወደኋላ የሚመልስ ይመስላል። አገሩ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። በአንድ በር የሚወጣው አስፋልት አንድ ብቻ ነው። ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ የአገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አህያው፣ ተማሪው፣ እኔም፤ ሁላችንም አንዲቱ ላይ ነን። ነጩ መስመር ካርታው ላይ የለም።

ባቡረኛው፦ ደብረ ዘይት በርን ዘለልሽው።

ብስክሌተኛዋ፦ ሆን ብዬ ነው። እሱ ከሁሉም ይብሳል። ቃሊቲን፣ አቃቂን፣ ዱከምን አልፎ ቢሾፍቱ እስኪደርሱ የፋብሪካ መኪና ነው። ወደ አዳማ የሚሄደው ፈጣን መንገድ ሲከፈት አሮጌው ይቀልለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፈጣኑ ላይ ብስክሌት አይገባም፤ ክፍያውን ያልፈለገው መኪና ደግሞ አሮጌው ላይ ቀርቷል።

ባቡረኛው፦ ኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ሠርቶ የለም እንዴ? እዚሁ ካዛንቺስ በቀይ ቀለም ያሰመሩት ምንድን ነው?

ብስክሌተኛዋ፦ ሠርቷል፣ ደግሞም እጠቀምበታለሁ። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ካዛንቺስን ማለፍ ድሮ በሚኒባስና በእግረኛ መካከል መሹለክ ነበር፤ አሁን መስመሬን ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊትም በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ነበር፤ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ሕፃናቱ የኪራይ ብስክሌት ይዘው አደባባዩን ሲያጥለቀልቁት ትዝ ይለኛል። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን የከተማ ነገር ነው። የተሰመረው መስመር ከተማው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ እኔ የምፈልገው ከዚያ ይጀምራል።

ባቡረኛው፦ እግርሽስ ይችላል? እዚህ አገር ዳገት ነው።

ብስክሌተኛዋ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት? የፈረንሳይ ዙር ውድድር ከሚታወቅባቸው የተራራ መተላለፊያዎች አንዱ ቱርማሌ ይባላል፤ ከፍታው 2,115 ሜትር ነው። ፈረንጆቹ እሱን ለመውጣት ዓመት ሙሉ ይዘጋጃሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፎቶ ይነሣሉ፣ የሚያለቅስም አለ። መስቀል አደባባይ ከዚያ በላይ ነው።

ባቡረኛው፦ የኛ መስቀል አደባባይ?

ብስክሌተኛዋ፦ ገና ፔዳል ሳልረግጥ ከቱርማሌ በላይ ነኝ። በፈረንሳይ አስፋልት ከሚደርስባቸው ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ ላ ቦኔት ነው፣ 2,802 ሜትር። የእንጦጦ ጫፍ 3,000ን ያልፋል። በዚህ ከፍታ የሚተነፈሰው አየር ከባሕር ዳር ጋር ሲተያይ ሩቡ የጎደለበት ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እንደተመለስኩ ሳንባዬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ እንጦጦ ላይ እየገፋሁ ስወጣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያሉ አለፉኝ። እነሱ በሸክም፣ እኔ በብስክሌት!

ባቡረኛው፦ (ሳቁ) ይሄ እንኳ ፈረንሳይ አገር አይገኝም።

ብስክሌተኛዋ፦ እዚያ «ቦንዡር» ይሉኝና በሩን ይዘጋሉ።

ባቡረኛው፦ በዚህ ከፍታ ያደገ ሰው ብስክሌት ላይ ቢበረታ ምን ይገርማል። አበበ ቢቂላን ሁሉም ያውቃል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ግን ብስክሌተኞች ልካ እንደነበር የሚያስታውስ ስንት ነው? ገረመው ደንቦባ ሜልቦርንም ተወዳድሯል፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሮምም። አባቴ ስለሱ ሲያወራ ስለ ፈረሰኛ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ብስክሌተኛዋ፦ እኔ እዚያ የነበርኩበት ዘመን ደግሞ የጽጋቡ ግርማይ ነው። የመቀሌ ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በፈረንሳይ ዙር የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያን ዓመት ውድድሩ የተነሣው ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከባሕሩ መካከል ቆሞ ከሚታየው ከሞን ሳን ሚሼል ገዳም ሥር ነበር። የገጠሩ ሰው ወንበሩን አውጥቶ መንገድ ዳር ይቀመጣል። ባዶ ነው ያልኩዎት መንደር በዓመት አንድ ቀን የሚሞላው ያን ጊዜ ነው።

ባቡረኛው፦ ዙሩ መቼ ነው የተጀመረው?

ብስክሌተኛዋ፦ በነሱ 1903፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ። በኛ ሰኔ 1895 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ባቡረኛው፦ በ1895? ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው! ፈረንሳዮቹ በአንድ ዓመት ውስጥ እዚያ ብስክሌት ለቀቁ፣ እዚህ ባቡር አስገቡ። የባቡሩን ፈቃድ ምኒልክ ለአውሮፓውያኑ ለኢልግና ለሼፍኔ የሰጡት በ1886 ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሥራው ቆመ፤ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ፣ እዚህ ለገሀር የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሐዲዶቹ መካከል አንድ ሜትር ስፋት። ይሄን እንቅልፌ ላይ ብትጠይቂኝም እመልሳለሁ።

ብስክሌተኛዋ፦ ወደዚያው ልወስድዎት ነበር ጋሼ። ነጩን መስመር አጣሁት አልኩዎት አይደል? ካርታ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አገኘሁ። የእርስዎ መስመር ነው።

ባቡረኛው፦ የኔ?

ብስክሌተኛዋ፦ አሮጌው ሐዲድ። ፈረንሳይ ውስጥ ካየኋቸው ጸጥ ያሉ መንገዶች ግማሾቹ ድሮ የባቡር መስመር የነበሩ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፍሬሲኔ የሚባል ሚኒስትራቸው ባቡር ያልደረሰበት ወረዳ እንዳይኖር ብሎ ትንንሽ መስመሮችን በየገጠሩ አዘረጋ። መኪና ሲመጣ ትንንሾቹ ከሰሩ፣ ተዘጉ፣ እሾህ በቀለባቸው። በኋላ ሐዲዱን እያነሡ ለብስክሌትና ለእግረኛ አስተካከሏቸው። የመጀመሪያው ቡርጎኝ ውስጥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ወይን ጠጅ ሰፈር ነው፤ በወይኑ ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው። የጣቢያው ቤት ሻይ ቤት ሆኗል። ሞተር ያለው ነገር አይገባበትም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ዳገት የለውም፤ ባቡር ዳገት አይወድማ።

ባቡረኛው፦ አይወድም ብቻ? አይችልም! ብረት በብረት ላይ ነው የሚሽከረከረው፤ ቀና ካደረግሽው ይንሸራተታል። መሐንዲሱ ጋራ ሲያገኝ ይዞረዋል፣ ጉብታ ሲያገኝ ይቆርጠዋል፣ ሸለቆ ሲያገኝ ይሞላዋል። ለዚህ ነው መስመሩ እንደ እባብ የሚጥመለመለው። ከዚህ እስከ አዳማ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ግን መውረዱን አያውቀውም። አየሩ ሲሞቅ ነው የሚገባው። ሰው አቃቂ ላይ ካፖርት ለብሶ ይነሣና ሞጆ ላይ ያወልቃል።

ብስክሌተኛዋ፦ ይኸው! ከለገሀር ተነስቶ በጎተራ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂ፣ በዱከም፣ ቢሾፍቱ። ዳገት የሌለው፣ መኪና የማይገባበት፣ ያውም የተሠራ መንገድ ነው። መሬቱ ተደልድሏል፣ ድልድዩ ቆሟል። እንደ አዲስ የሚቆረጥ ነገር የለም።

ባቡረኛው፦ ቆይ፣ አትሩጪ። መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?

ብስክሌተኛዋ፦ ከጎተራ በታች ያለውን በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ባቡረኛው፦ እና ምን አየሽ?

ብስክሌተኛዋ፦ አንዳንድ ቦታ ሐዲዱ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። አንዳንድ ቦታ አጥር ተሻግሮታል። ልብስ የተሰጣበት አለ፣ ጉልት የሚሸጡበት አለ።

ባቡረኛው፦ አየሽ? ባቡሩ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከቆመ ወዲህ ሰው ይዞታል። ፈረንሳይ ውስጥ መስመር ሲዘጋ እሾህ ነው የሚበቅልበት። እዚህ ሲዘጋ ሰው ነው የሚበቅልበት። እሾህ ይመነጠራል፤ ሰውን ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ ከካዛንቺስ ተነሥቻለሁ፤ ቤት ቢሰጠኝም መነሣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለብስክሌት ተብሎ ጉልት የምትቸረችር ሴት ስትነሣ ማየት አልፈልግም።

ብስክሌተኛዋ፦ እኔም አልፈልግም። ለዚህ ነው የፈረንሳዩን እንዳለ አምጥተን እንትከለው የማልለው። እነሱ ጸጥታ ያሉት ሰው የሌለበትን ነው። የኛ ገጠር ሰው አለው፤ ደግሞም በእግሩ ነው የሚሄደው። ገበያ የሚወጣው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ከብት የሚነዳው፣ ሁሉም አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያው ነው ሲኖትራክ የሚደርስበት። እኔ ሰው አይኑርበት አልልም። ከእግረኛና ከአህያ ጋር መሄድ አላስቸገረኝም፤ ልጆቹ እየተከተሉ ቢጮሁም፣ የገበሬ ውሻ ቢያባርረኝም ችግር የለም። መኪናው ብቻ ይቅር። የጉልቷ ሴት ባለችበት ትቀመጥ፤ እንዲያውም ውኃና ሙዝ ከእሷ ነው የምገዛው።

ባቡረኛው፦ እሱስ ልክ ነሽ። ድሮም ሐዲዱ የእግረኛ መንገድ ነበር። መስመር ጠባቂው መፍቻውን በትከሻው አድርጎ ጎን ጎኑን ይሄዳል፤ የገጠሩ ሰውም የሱን ዱካ ይዞ ይሄዳል። ጭቃ የሌለበት እሱ ብቻ ነዋ። የባቡሩን ሰዓት ከኛ በላይ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሐዲዱን ታነሺዋለሽ?

ብስክሌተኛዋ፦ ፈረንሳዮቹ አንሥተውታል።

ባቡረኛው፦ እነሱ ሌላ ባቡር አላቸው። ደከመኝ ስትዪ ብስክሌትሽን ምን ላይ ነበር የምትጭኚው?

ብስክሌተኛዋ፦ ባቡር ላይ። የክፍለ ሀገሩ ባቡር ብስክሌት የሚሰቀልበት ቦታ አለው። ነፋሱን ከኋላ አድርጌ እስኪደክመኝ ሄጄ፣ በባቡር እመለስ ነበር።

ባቡረኛው፦ ታዲያ! መንገዱ ደስ ያለሽ በባቡሩ ምክንያት ነው እኮ። ከዚህ ቁልቁል ወርደሽ ቢሾፍቱ ስትደርሺ በምን ልትመለሺ ነው? አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፣ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ርቀው ነው የተሠሩት። አሮጌው ከተማ መሀል ነበር የሚያወርደው። ቢሾፍቱም፣ ሞጆም፣ አዳማም ያደጉት በጣቢያቸው ዙሪያ ነው። ያንን ሐዲድ አንሥተሽ ለሽርሽር ከሰጠሽው ባቡሩ ይመለሳል የሚል ሰው አፉን ይዘጋል።

ብስክሌተኛዋ፦ ይመለሳል ብለው ያምናሉ ጋሼ?

ባቡረኛው፦ አላምንም። ግን እኔ እያለሁ አይነሣ።

ብስክሌተኛዋ፦ ከብረት ቀማኛ ከተረፈ ማለት ነው።

ባቡረኛው፦ እሱም አለ። ስለዚህ ስሚኝ፤ ሐዲዱ ባለበት ይቅር፣ ጎኑን ይዛችሁ ሂዱ። የመስመር ጠባቂውን ዱካ አስተካክሉት። ሰው ሲመላለስበት ሐዲዱም ይጠበቃል፤ ሌባ ሰው የሌለበትን ነው የሚወድ።

ብስክሌተኛዋ፦ ጠባብ ይሆናል። አህያና ብስክሌት አይተላለፉም፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ከጎን ቦታ የሌለበት ብዙ ነው።

ባቡረኛው፦ ድልድዩ ላይ ወርደሽ ትገፊያለሽ። ባቡርም እዚያ ሲደርስ ይዘገያል።

ብስክሌተኛዋ፦ ለጊዜው እንደዚያም ቢሆን እወስዳለሁ። እኔ ግን እስከዚያ መቀመጥ አልፈልግም፤ ሌላም አገኘሁ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኝ የገጠር መንገድ ሲሠራ ነበር፤ ዩራፕ ይሉታል።

ባቡረኛው፦ ፒስታውን?

ብስክሌተኛዋ፦ ፒስታውን። ካርታ ላይ የማይታየው ነጭ መስመር ያ ነው። ከአስፋልቱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ እንዳልኩ ድምፁ ይቆማል። አስፋልት ስላልሆነ ከባድ መኪና አይወደውም፤ እኔ ሰፊ ጎማ ካስገባሁ ይበቃኛል። ሰዉ ግን አለ፤ ሙሉ ነው። የገበያ ቀን ሲሆን ብስክሌት ከመንዳት መግፋት ይቀላል። ሴት ብቻዋን ስትሄድ መጠየቅም አለ፤ «የት ነሽ? ባልሽስ?» ይላሉ። አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴ ይሰለቻል። እናም ሁልጊዜ ከመነሣቴ በፊት የሰፈሩን ሰላም ከሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ፤ ያንን ካርታ አይነግረኝም። «አትሂጂ» ካሉኝ እንጦጦ ፓርክ ገብቼ ዛፍ ለዛፍ እዞራለሁ።

ባቡረኛው፦ እሱ ብልህነት ነው። አሁንስ ወዴት አሰብሽ?

ብስክሌተኛዋ፦ ያሰብኩት ከቢሾፍቱ ወደ ጨፌ ዶንሳ የሚወጣውን ነው። እስከ ቢሾፍቱ ብስክሌቴን ሚኒባስ ጣራ ላይ እጭናለሁ፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ይጠይቀኛል፣ እከራከራለሁ፣ እከፍላለሁ።

ባቡረኛው፦ ጨፌ ዶንሳን አውቀዋለሁ። መንገዱ ከአዳ ሜዳ ነው የሚነሣው፤ ጤፉ፣ ሽምብራው፣ ምስሩ። ከሐይቆቹ ወጣ እንዳልሽ ዓይንሽ የሚያርፍበት ሁሉ ማሳ ነው። ግን መሬቱ መረሬ ነው ልጄ። በክረምት እንዳትሄጂ። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፣ ብስክሌቱን ተሸክመሽው ትመለሻለሽ። ኅዳር ይግባና ሂጂ፤ አጨዳው ሲጀመር ፒስታው ይደርቃል።

ብስክሌተኛዋ፦ ከቢሾፍቱ ይልቅ ከሞጆ ብነሣስ?

ባቡረኛው፦ ሞጆን ተይው። ደረቅ ወደብ ነው፤ ከጅቡቲ የሚመጣው አብዛኛው ኮንቴይነር እዚያ ነው የሚራገፈው። መኪናው የሚያስወጣሽ አይመስለኝም። ቢሾፍቱ ላይ ውረጂ፣ አሮጌው ጣቢያ አጠገብ። እዚያ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ የፒስታውን ሁኔታ ይነግርሻል።

ብስክሌተኛዋ፦ ስሙን ይንገሩኝና ልያዘው።

ባቡረኛው፦ እነዚያ ሁለቱ እየመጡ ነው፤ አንደኛው ቢሾፍቱ ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቷል። እሱን ጠይቂው። ሐዲዱ ይነሣ የሚለውን ግን አታንሺበት፤ ቡናው ይረበሻል።